የዳጣው ክዳን

ስልጠና የሚሰጥ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ የተማረውን ሳያብላላ ለሌላው ለማስተማር ይቸኩላል። እኔ በዚህ በሽታ ክፉኛ ተይዤ ነበር። ስራዬ በወላይታ ዞን በጥቃቅን ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶች ስልጠና መስጠት ነው። ሳምንቱን በዴሳ፣ ዲምቱ፣ ቦዲቲ እያልኩ እዞራለሁ፤ ሚኒባስ ሲጠፋ በሞተር። ሐዋሳ ሄጄ ሁለት ቀን ስለ ምርት አስተሻሸግ ተምሬ ስመለስማ ማን ይቻለኝ።

ከሰልጣኞቼ ሁሉ የምሳሳላት አንዲት የቦዲቲ ዳጣ ሻጭ ናት። በአስራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ "እትዬ" እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ክፍል ገብቼ አስተምሬ የማላውቀውን ሴትዮ "ቲቸር" ትለኛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆች ያሳደገችው በዳጣ ነው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በድንጋይ ትፈጭና የአዲስ አበባ አውቶቡሶች የሚቆሙበት መንገድ ዳር ሳፋዋን ይዛ ትቀመጣለች። ዝናብ ሲመጣ ሳፋውን ተሸክማ ትሮጣለች፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ትሮጣለች።

አንድ ቀን ስልጠና ላይ፣ ወረቀቱ እንደሚያዘው፣ "የወደፊት እቅዳችሁ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ሌሎቹ እኔን ደስ እንዲለኝ ስለ ፋብሪካ አወሩ። እሷ ተራዋ ሲደርስ "በር" አለች።

"የምን በር?"

"ቁልፍ ያለው በር። ዝናብ ሲመጣ ቁጭ ብዬ የማየው።"

ያ በር በዚያው ዓመት ብቅ አለ። ሶዶ ላይ ለሴት ነጋዴዎች ባዛር ሊዘጋጅ ነው፣ ገምጋሚ ኮሚቴ እየዞረ ያያል፣ ምርታቸው የተወደደላቸው ጥቂት ሴቶች በየከተማቸው የመሸጫ ሼድ ያገኛሉ ተባለ። ከእሷ ብሶ የጓጓሁት እኔ ነበርኩ። ባለ ክዳን ብልቃጦች ከሶዶ አሸክሜ ቦዲቲ ግቢዋ ደረስኩ። ጎረቤቶቿ ለእርዳታ ተሰብስበው ከበው ይፈጫሉ፤ እኔ በመካከላቸው ቆሜ ትእዛዝ እሰጣለሁ።

"እስከ አፉ ሙሉት! ክዳኑን ጥብቅ አድርጉት፣ አየር እንዳይገባ!"

እሷ ድንጋዩን ትታ ቀና አለች። "ቲቸር፣ ዳጣ አዲስ ሲሆን ይፈላል። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ኮባ ለብሶ ይቀመጣል እኮ።"

"ባዛር ላይ ኮባ? እትዬ ደግሞ!" ብዬ ሳቅኩ። "እንደ ገጠር ገበያ በቅጠል ሸፍነን ልንቀርብ ነው?"

ጎረቤቶቿ እሷን አዩ። እሷ መሬት መሬቱን አየች። "እሺ፣ ቲቸር" አለች።

በዚህ አገር አስተማሪን ሰው ፊት "ተሳስተሻል" ማለት ነውር ነው። ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ይህ ሊጠፋኝ አይገባም ነበር። ግን የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ወላይትኛዬ እንኳን የሰው ዝምታ ሊያስተረጉመኝ ለገበያም አይበቃኝም። እሺታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። እንዲያውም ክዳኖቹን በጨርቅ እየያዝኩ አንድ በአንድ በገዛ እጄ አጠበቅኳቸው።

የባዛሩ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ እንደ ተማሪ አሰለፍኳቸው። ኮሚቴው ሲደርስ ሰብሳቢው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ጎልማሳ፣ አንዱን አንስተው አገላበጡት። "አስተሻሸጉ ያምራል" አሉ። በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ፤ ዳጣው ቀደመኝ። ክዳኑን ሩብ ዙር እንኳ ሳያዞሩት "ጧ!" ብሎ ተስፈነጠረና ዳጣው ነጩን ሸሚዝ ከአንገት እስከ ሆድ ቀባው። ከጎናቸው የነበሩት አባል "ቆይ እኔ ልሞክር" ብለው ሌላ ከፈቱ፤ የእሳቸውም እጣ ያው ሆነ።

"ይህን እንዲህ ያሸገው ማነው?" አሉ ሰብሳቢው፣ ጺማቸውን እየጠረጉ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አለች እትዬ። "ቲቸር ተይ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት።"

ይቺ ሴት እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከዘማሪዎቹ ፊት የምትቆም፣ ዝንጅብሉ ያነሰ ቀን "ዛሬ አልሆነልኝም" ብላ ገዢ የምትመልስ ናት። አሁን ሰው ፊት ቆማ ዋሸች፤ ያውም ለኔ፣ በሯን አሳልፋ እየሰጠች። እውነቱን ልናገርና እኔም ወዲያው አልተናገርኩም። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አውጥተው ወረቀቱ ላይ መጻፍ እስኪጀምሩ ድረስ ዝም አልኩ። በብልቃጡ መፈንዳት ዛሬ እስቃለሁ፤ በዚያ ዝምታዬ ግን አሁንም አፍራለሁ።

"ውሸቷን ነው!" አልኩ በመጨረሻ፤ ከድንጋጤዬ ብዛት ጮህኩ። "ያሸግኩት እኔ ነኝ። እሷ ኮባ ይልበስ ብላኝ ነበር። የሳቅኩባት እኔ ነኝ።"

ሰብሳቢው መጻፋቸውን አቆሙ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩና በወላይትኛ የሆነ ነገር ጠየቋት። እሷ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ስር አንዲት ማሰሮ አወጣች፤ ለእኔና ለእሷ ምሳ ብላ የያዘችው ኖሯል። ኮባውን ስትገልጠው የዝንጅብሉ ሽታ ድንኳኑን ሞላው። የተቀቀለ ጎደሬ ልጣ አጠቀሰችና ሰጠቻቸው። ሰብሳቢው ቀመሱ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ሌላ ጎደሬ እንድትልጥላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

መሸት ሲል ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውጤቱ ገና አልተነገረም ነበር።

"ለምን ዋሸሽ?" አልኳት ተናድጄ። "በሩ ቢቀርብሽስ?"

"በር ለሌላ ዓመትም ይመጣል" አለች፣ ባዶ ማሰሮዋን ጭኗ ላይ እያመቻቸች። "አንቺን ከስራ ቢያስወጡሽ ግን ማን ቦዲቲ ድረስ ይመጣልናል?"

ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ማስማል ጀመርኩ፤ ከእንግዲህ ስሳሳት ሰው ፊትም ቢሆን ትነግሪኛለሽ አልኳት። "ኧረ ነውር ነው!" ብላ በሳቅ ተንከተከተች። ቦዲቲ እስክንገባ ብለምናት አልማለችልኝም።

ሼዱን ሰጧት። ዛሬ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት አካባቢ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አላት፤ ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። በሩ የተከፈተ ቀን ጎረቤቶቿ ሁሉ መጥተው እግር መትከያ ጠፋ። ከሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። እሷ ወንበሯን በሩ አፍ ላይ አስቀምጣ፣ እጆቿን አጣጥፋ አየችው። እኛም አብረናት አየን።

ቁጭ ብሎ ማየት መቼም አይሆንልኝም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች ሳይ የአንዱ ክዳን ላልቶ በላዩ ኮባ ጣል ተደርጎበታል። እጄ ለምዶበት አነሳሁና ማጥበቅ ጀመርኩ። እጄን ቸብ አደረገችኝ።

"ተዪ፣ ቲቸር!" አለች፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። "ገና ሁለት ቀኑ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ እንዲህ አይደረግም!"

ሴቶቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። ብልቃጡን ቀስ ብዬ ቦታው መለስኩት።

"እሺ፣ እትዬ" አልኳት።