አክስቴ ፋህሚዬና የዓመት ቁስል

አክስቴ ፋህሚዬ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የዓመት ቁስል አፍንጫዋ ላይ ወጣባት። ከተማችን አሌፖ ተወልዶ ከዚህ ቁስል ያመለጠ የለም። አንዱን ጉንጩ ላይ፣ ሌላውን ክንዱ ላይ ቀልቶ ይወጣበታል፤ ዓመት ሙሉ ይቀመጥና ጠባሳውን ጥሎ ይሄዳል። የእሷ ግን የአፍንጫዋን ቀኝ ክንፍ በልቶ ነው የሄደው።

ለወንድ ልጆቻቸው ሚስት የሚመርጡ ሴቶች ቤት ሲመጡ ፋህሚዬን አንዴ አየት ያደርጉና “ታናሺቱስ የት አለች?” ይሉ ነበር። ታናሺቱ እናቴ ኢሕሳን ናት፤ የእሷ ጠባሳ ክርኗ ላይ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ፋህሚዬ ራሷ ለእንግዳ የሚቀርበውን ጣፋጭ መጠጥ፣ የሸርበቱን ትሪ አስይዛ ላከቻት። “አንቺ ግቢ፤ እኔን እያዩ ጊዜያቸውን አያቃጥሉ” አለቻት። እናቴ ገመድ ሠሪውን አባቴን ሱብሒን አገባች፤ ፋህሚዬም ብርድ ልብስ እየሰፋች ከእነሱ ጋር መኖር ጀመረች።

እኔ በተወለድኩ ዓመት ከበረሃው እርጎ ይዛ የምትመጣ አልያ የምትባል የዘላን ሴት ደንበኛችን ነበረች። አክስቴ አንድ ጠዋት አብረዋት የመጡትን ልጆቿን ልብ ብላ አየቻቸው።

“አንቺ፣ እነዚህን ልጆች ምን ቀብተሻቸው ነው? ፊታቸው እኮ አንድ ጠባሳ የለውም!”

አልያ ሳቀችና የትንሿን ቀሚስ ገለጥ አደረገች። ጭኗ ላይ ክብ ጠባሳ ነበር። “ከሁሉም ሰው አንድ ጉርሻ ሳይበላ አይሄድም፤ የት እንደሚበላ ግን የምንነግረው እኛ ነን።”

“ተመልሶ ቢመጣስ?”

“አንቺጋ ተመልሶ መጥቷል?”

አክስቴ አፍንጫዋን ነካች። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተመለሰም።

የአልያ ዘዴ ሌላ በሽታ ከሌለበት ልጅ ቁስል ጠርዝ ላይ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ወስዶ የሕፃን ጭን መጫር ነው፣ ሌላ የለውም። እናቴ “ሱብሒ ይገድለኛል” እያለች እግሮቼን ያዘች፤ አክስቴ ጫረች። ከሁለት ወር በኋላ ጭኔ ቀላ፣ ከዚያም ፈነዳ። አባቴ ሲያየው ቤቱ ተናወጠ።

“ልጄን በገዛ እጅሽ በሽታ ሰጠሻት!”

“የማይቀርላትን ነው የሰጠኋት። ፊቷ ላይ ከሚወጣ ብዬ ነው።”

“ወይስ አንቺ ያጣሽውን እሷም እንድታጣ ነው?”

አክስቴ ፍራሿን ጠቅልላ ጎረቤት አንዲት ክፍል ተከራየች። እናቴ በየቀኑ አዝላኝ እየሄደች፣ አክስቴ ቁስሌን ታጥብልኝ ነበር። በዓመቱ ደረቀ። በሚቀጥለው በጋ በመንደራችን ሕፃናት ፊት ላይ ቁስል እንደ ጉድ ወጣ፤ እኔን የነካኝ አልነበረም። አባቴ ራሱ ሄዶ በሯን አንኳኳ።

“እትዬ ፋህሚዬ፣ ነይ ቤትሽ ግቢ።”

“ይቅርታ ነው ወይስ ትእዛዝ?”

“ሁለቱም ነው። ነይ በቃ።”

ከዚያ በኋላ እናቶች ሕፃናቸውን እያቀፉ ይመጡ ጀመር። ሳሙና ወይም ዘቢብ ያመጡላታል። ብዙ ልጆች ጫረች፤ ሁሉም ዳኑ። የመንደራችን ሴት ኡም ሚስባሕ የሦስት ዓመት ልጇን ነዋልን እስክታመጣላት ድረስ ማለቴ ነው። ልጅቷ የከሳች ነበረች፣ ትኩሳት አያጣትም። አክስቴ “ትንሽ ትጠንክር” ብላ ነበር። ኡም ሚስባሕ ግን “ቀድሞን ፊቷ ላይ ቢወጣስ? ምነው፣ የኔ ልጅ ከማን ታንሳለች?” ብላ አስጨነቀቻት። አክስቴም ጫረቻት።

የነዋል ቁስል መዳፍ አከለ። ዓመት ሞላው፣ ሁለት ዓመት ሞላው፣ አልዘጋም አለ። አክስቴ በየማለዳው የፈላ ውሃ ይዛ እየሄደች ታጥብላታለች። ኡም ሚስባሕ በሩን ትከፍትላታለች፤ ሰላም ግን አትላትም። በመጨረሻ አክስቴ ልጅቷን አዝላ ወደ አርመናዊው ሐኪም ወደ አንትራኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ ከቁስሉ ጠርዝ ፍቆ በአጉሊ መነጽሩ አየና ለእሷም አሳያት።

“በሽታው እነዚህ ትንንሽ ነጠብጣቦች ናቸው፤ ይታዩሻል?”

“ይታዩኛል። ምን ውስጥ ነው የታጨቁት?”

“የሰውነት ዘበኛ የሆነ ሕዋስ ውስጥ። በሽታ ሲያይ የሚውጥ ነው። እነዚህንም ይውጣቸዋል፤ እነሱ ግን አይሞቱም፣ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይራባሉ።”

“ታዲያ እኛ እንዴት ዳንን?”

“ዘበኛው ውሎ አድሮ መግደያቸውን ይማራል። አንዴ ከተማረ ደግሞ አይረሳም። የዚህች ልጅ ዘበኛ ግን አቅም የለውም። ጤናዋን አይተሽ ነበር?”

አክስቴ “አይቼ ነበር” አለች። “አይቼ ነው የጫርኳት።”

ሐኪሙ አልተቆጣትም። ቁስሉ ዙሪያ በየሳምንቱ የሚወጋ መድኃኒት ጀመረላት፤ ምግቧም እንዲሻሻል አዘዘ። ቁስሉን የሚያመጣው እኛ እንደምንለው የወንዛችን ውሃ ሳይሆን ከትንኝ የምታንስ ዝንብ መሆኗንም ነገራት። አክስቴ እንቁላልና የምስር ሾርባ ይዛ መመላለሷን ቀጠለች። አክስቴ ልታጎርሳት ስትል ነዋል “አልበላም፣ አንቺ ብዪው!” ትላታለች፤ አክስቴ አንድ ማንኪያ ለራሷ፣ አንድ ለልጅቷ እያደረገች ትጨርሰዋለች። ሁለቱም ወፈሩ።

በስምንተኛው ወር ቁስሉ ዘጋ። በቀጣዩ ማለዳ አክስቴ እንደ ልማዷ ሄዳ በር ላይ ቆመች። ኡም ሚስባሕ ከፈተችላት፤ የሾርባውን ዕቃ ከእጇ ተቀበለቻትና ለመጀመሪያ ጊዜ “ግቢ፣ ቁርስ ቀርቧል” አለቻት። ስላለፈው ነገር ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

አክስቴ መጫሩን ሁለት ዓመት ተወችው። ከዚያ እናቶቹ አላስቆም አላስቀምጥ ሲሏት “መጀመሪያ ልጁን ሐኪሙ ይየው፤ እሱ ይሁን ካለ እኔ አለሁ” ማለት ጀመረች። የከሳውን ልጅ ግን፣ እናትየው እግሯ ላይ ብትወድቅ እንኳ፣ ዳግመኛ አልነካችም።