የሳጥኑ ጋቢ

ደብረ ታቦር ከተከራየሁት ቤት ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተራቸው ይነሳና ማራገቢያው ዝዝ ማለት ይጀምራል። ያን ድምፅ ስሰማ የያዝኩት ነገር እጄ ላይ እንዳለ ይቀራል። ልጅ ሆኜ እኛ ቤት የሚሰማው ድምፅ እሱ ነበር።

የእኛን ያመጣችው ታላቅ እህቴ ትርንጎ ናት። እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ጨርሳ፣ በበጋ፣ ዕቃውን በአህያ ጭና ከገሳይ በላይ ወዳለው መንደራችን መጣች። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውን ቆርቆሮው ላይ አሰረች፣ ባትሪውን ጥግ አስቀመጠች፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ከተማ መብራት የሚለውጠውን ሳጥን፣ ኢንቨርተሩን፣ ደግሞ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። በዚያ በጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውል ስለነበር የመንደሩ ሰው ስልኩን ይዞ እየመጣ፣ ሰክቶ፣ ተቀምጦ ሲያወራ ይውል ነበር። እናቴም በልጇ ኮርታ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አምፖሉን በጠራራ ፀሐይ ታበራው ነበር።

ሰኔ ሲገባ ጉሙ ከጉና እየወረደ ቤቱን ይሞላው ጀመር። እናቴ ሳጥኑን ጋቢ ማልበስ የጀመረችው ያኔ ነው። ሲንዘፈዘፍ ሰምታ በርዶታል አለች። ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ እየሳቀች ትገፍፈው ነበር።

«እማ፣ ይኼ እኮ ጥጃ አይደለም። ሲሞቀው ነው የሚጮኸው፤ አየር ነው የሚፈልገው።»

ስልካቸውን ሊሰኩ የሚመጡት ጎረቤታችን አባ ተገኘ ደግሞ፣ «ተያት እንጂ ትርንጎ። ነገ አረቄ ታቀምሰዋለች» ይሉ ነበር። በማግስቱ ጋቢው ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ይገኛል። የቤታችን ጨዋታ ይህ ነበር። አንድ ቀን ግን ትርንጎ ሳትስቅ ለብቻዬ ነገረችኝ። ሳጥኑ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት ዕቃ ተበላሽቷል፤ መለወጫው ከባሕር ዳር እስኪመጣ ድረስ እንዳይሸፈን እኔ ልጠብቅ። እሺ አልኳት።

በሐምሌ ይፋግ ወርዳ የውኃ ፓምፕ ስትተክል ሰንብታ፣ ወባ ይዟት ተመለሰች። በማግስቱ የገበያ ዋዜማ ነበርና ሳጥኑ ላይ ብዙ ስልክ ተሰክቶበታል። እናቴ ጠዋት ልቅሶ ለመድረስ ስትወጣ ጋቢውን ከሳጥኑ ላይ አንስታ፣ አጥፋ፣ መደቡ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ልጇ ታማባት ተኝታለችና፣ የዚያን ቀን ቃሏን ልታከብርላት ፈልጋ ይመስለኛል። ታጥፎ አይቼዋለሁ።

ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው በሳጥኑ በኩል ያፈስ ጀመር። ትርንጎ ጓዳ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ውኃና መብራት እንዳይገናኙ ብላ ያስተማረችኝ እሷ ነበረች፤ እሱን አስቤ የማዳበሪያ ላስቲክ ሳጥኑ ላይ ጣልኩበት፣ ላስቲኩ እንዳይንሸራተትም የታጠፈውን ጋቢ ዘርግቼ ጠቀለልኩት። ማጥፋት አልመጣልኝም። ስልኮቹ የሰው ናቸው። ለገበያ ይፈለጋሉ። ከዚያ ክኒን ላመጣላት ወደ ጤና ኬላው ተነሳሁ።

«ቶሎ ና። ደግሞ እንዳትረጥብ» አለችኝ።

ስመለስ ወንዙ ሞልቶ ያዘኝ። እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ክኒኑን ብብቴ ውስጥ ይዤው ነበር። ዳገቱን ስወጣ ከቤታችን ጭስ ሲወጣ አየሁ። አባ ተገኘ ገብተው፣ ተሸክመው አውጥተው፣ ሣሩ ላይ አስተኝተዋታል። እሳቱ አልደረሰባትም። ጭሱ ነው። የደረብኩላት ብርድ ልብስ እንኳን አልተቃጠለም።

የትርንጎ ልቅሶ ላይ እናቴ ደረቷን እየመታች፣ «እኔ ነኝ ያለበስኩት። በዚህ በእጄ» ትል ነበር። ቀን በቀን ስታለብሰው ስለከረመች፣ የዚያን ቀን ማንሳቷ ከሐሳቧ ጠፍቷል። ሰውም አመናት፤ ሁሉም ሲስቅበት የከረመ ነገር ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

መስከረም ላይ ሰሌዳውን ከቆርቆሮው አስወረደችው። ከዚያ ንስሐ ገባች። የነፍስ አባቷ ስግደት ሰጧትና ጾሙን ሙሉ ጉልበቷ እስኪያብጥ ሰገደች። እኔ እቆጥርላት ነበር።

ያኔ በክረምት ቤታችን ውስጥ ጋቢ የሌለው አልነበረም፣ ሳጥኑም ጭምር። አሁን ለእረፍት ስሄድ እናቴን በዚያ ብርድ ነጠላ ብቻ ለብሳ አገኛታለሁ። ጋቢ ላለብሳት ስል እጄን ትይዘኛለች።

«ተው ልጄ። እኔ ያለበስኩት ይበቃል» ትለኛለች።

ጋቢውን አጥፌ መደቡ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ያን ቀን ጠዋት እሷ እንዳስቀመጠችው አድርጌ። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም።