ሞተሩን ለዋርሳዬ የሰጠሁ ዕለት

ሞተሩን የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው። ማንም አላስገደደኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሌባ ቢወስደው ሌባ ብዬ አርፌ እቀመጥ ነበር። እኔ ግን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ ነው ያስረከብኩት።

ባለቤቴ ሲሞት የቀረችኝ አንዲት አሮጌ ቮልስ ናት። የገዛናት አብረን ነው፤ እሱ ከሰሊጡ፣ እኔ ከአንገት ወርቄ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ግን የእሱ ስም ብቻ ነበር። ያኔ በባልና በሚስት መካከል ይህ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ልጅ አልወለድንም። ይህንንም የማነሣው በኋላ ሰዎች ስለቆጠሩብኝ ነው እንጂ እኛ ሁለታችን ቆጥረነው አናውቅም።

መተማ ወረዳ፣ ሸሕዲ ከተማ ዳቦ እጋግራለሁ። ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው ዙሪያ ቆመው የሚቀጥራቸውን ባለእርሻ ይጠብቃሉ። አይሱዙው ላይ ተጭነው ከመሄዳቸው በፊት ካልደረስኩ ዳቦው ለእኔው ይቀራል። ስለዚህ ቮልሷ እግሬ ነበረች። ቤንዚን ግን ጠፋ። ማደያው ደረቅ ነው፤ ከማደያው አጥር ውጭ ግን በሃይላንድ ጠርሙስ እንደ ልብ ይሸጣል። ከየት እንደሚቀዳ የማያውቅ የለም፣ የሚናገርም የለም። ሦስት ቀን ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ «ለቤት መኪና ቆሟል» ተባልኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ጀሪካኖቹን ሞልቶ ሄደ። ቮልሷን ደጄ ላይ አቆምኳትና ዓመት ሙሉ ባለጋሪ ስለማመጥ ከረምኩ።

ጦርነት ከካርቱም አፈናቅሎት በመተማ በኩል የገባ አንድ ሱዳናዊ መካኒክ ጎረቤቴ ቤት ተከራየ። አገሩ ሳለ እነሱ ራክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን ወደ ባትሪ ሲቀይር የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ቮልሷን ዞሮ ዞሮ አያትና «ኡክቲ» አለኝ፤ እኅቴ ማለቱ ነው። «ይሄ መኪና ቤንዚን ይረሳል።»

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚይዘውም አራት ቡሎን ነው። በአንድ ረፋድ አወረደው። በምትኩ ከተገለበጠች ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና የወጣ ሞተር አመጣ፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ላሜራ አስበይዶ ገጠመው። ባትሪዎቹን ግማሹን ከኋላ ወንበር ሥር፣ ግማሹን ከፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ደረደረ።

ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ያን ቀን መጥቶ ነበር። ሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። አሮጌው ሞተር መሬት ላይ መቀመጡን ሲያይ «እትዬ፣ ይሄ ዝም ብሎ ከሚዝግ ለውኃ መሳቢያ ባደርገውስ?» አለኝ። «ውሰደው» አልኩት። የባሌ ወንድም ነው፤ ሽንኩርቱ ሲደርቅበትም በዓይኔ አይቻለሁ።

ቮልሷ ተነሣች። ከባጃጅ አትቀድምም፣ ግን ትሄዳለች። መብራት ሲመጣ እሰካታለሁ፣ ጠዋት በቤንዚኑ ሰልፍ ጎን ኮሽታ ሳታሰማ ይዛኝ ታልፋለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ሰሞን ነው። አንዱ የጎጃም ልጅ «ምን አብልተሻት ነው እንዲህ ጸጥ ያለችው?» ቢለኝ «ዳቦ» ብዬው መናኸሪያው ሁሉ ሳቀ።

ሰሊጥ አጨዳው ሳያልቅ ዋርሳዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ አቧራ ስትጠጣ አንድ ቀን አልጠየቃትም። ስትሄድ ሲያይ ግን የወንድሙ ንብረት መሆኗ ትዝ አለው። «ወንድሜ ልጅ አልተወም፤ መኪናዋ የእኛ ናት» አለ። ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብል፣ ዘመድ ተካሰሰ እንዳይባል በሽማግሌ ይለቅ ብለው ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ወረዱብኝ። እሽ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከመስማታቸው በፊት ደግሞ ለሚሉት እንደምንገዛ ዋስ ጠራን። ያልሰማሁትን ፍርድ አስቀድሜ ተቀበልኩ ማለት ነው። ሞኝ ነበርኩ።

ሦስት ሽማግሌዎች ግቢዬ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሊብሬውን አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ። ዋርሳዬ ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። ለካ ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ገልብጦ ኖሯል። ተነበበ፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

«ይኸው፣ መንግሥት የሚያውቃት መኪና እኔ ዘንድ ናት» አለ።

«የሰጠሁት እኮ እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኳቸው ትልቁን ሽማግሌ።

«ስትሰጪው ተጻጽፋችኋል?»

«ከባሌ ወንድም ጋር ምን እጻጻፋለሁ?»

«እንግዲህ የኔ ልጅ፣ መኪና ማለት ሞተር ነው። ሞተሩ ከወጣ ቆርቆሮ ነው።»

«ቆርቆሮ ከሆነ ለምን ፈለገው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ፍርዱ ግን አልተለወጠም። መኪናዋ ለወንድምየው፤ እኔ ያስገባሁትን አውጥቼ እንድወስድ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ርክክብ ሆነ። ሱዳናዊው ክሪኩን አስገብቶ ሞተሩን ሲፈታ «ሐራም፣ ሐራም» እያለ ያጉረመርም ነበር። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ተቀብዬ ወደ ቤት አስገባሁ። ዋርሳዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እትዬ፣ ባትሪውንም ትወስጂዋለሽ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰውዬው የመጣው እውነትም አስነሥቶ ሊነዳት ኖሯል። የኋላ ወንበሯን ቦታው መለስኩ፣ ፍርፋሪዋን ጠረግሁ፣ ቁልፉን ወንበሩ ላይ ተውኩለት። ሄዶ ስድስት የቀን ሠራተኞች ቀጥሮ ተመለሰ፤ እንዲገፉለት።

«በሉ፣ ቂም ይዞ መለያየት የለም፤ ይቅር ተባባሉ» አሉ ሽማግሌዎቹ ቆመው።

ዋርሳዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ያዘ። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ።»

ሁሉም እኔን ያያሉ። ገፊዎቹ እጃቸውን ቮልሷ ጀርባ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልኩት።

ትልቁ ሽማግሌ ብልህ ናቸው፣ አልሸወድኳቸውም። «እሱስ ይላል፤ አንቺስ የኔ ልጅ?»

«እኔ ገና ነኝ፣ አባባ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለምንላችሁ ልትገዥ ዋስ አልጠራሽም እንዴ?»

«ዋስ የጠራሁት ለመኪናዋ ነው» አልኳቸው። «መኪናዋን ይውሰድ።»