አክስቴን ላመጣ ሀዋሳ ሄጄ

ቅዳሜ፣ ንጋት

አውቶቡሳችን ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሳ። ጉዞዬ ለሽርሽር አይደለም። የእናቴ ታናሽ እህት አልማዝ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሀዋሳ፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ወደ ግል ይዞራል ሲባል ከርሞ ሠራተኛውን በትኖ ተዘጋ። ቤተሰቡም መከረና “ብቻዋን ምን ትሠራለች? ይዘሃት ና” ብሎ ላከኝ። እናቴ አልጋ አንጥፋ ትጠብቃለች።

ረፋድ፣ መቂና ዝዋይ

መቂ መንገዱ ዳር የቲማቲም ሣጥን ተደርድሯል። ዝዋይ ላይ ሻጮች ዓሳ በገመድ ሰክተው እስከ መስኮታችን ያነሳሉ። አጠገቤ የተቀመጠው የሻሸመኔ ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ የአክስቴንና የፋብሪካውን ነገር ነገርኩት።

“ድሮ ከዚያ ፋብሪካ አቡጀዲ ጭኜ እስከ ዲላ እወርድ ነበር” አለኝ። “ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ንግዱ ተከፈተ፤ አሁን የውጭ ጨርቅ ከመርካቶ ነው የማመጣው።”

ሳይከፋው ነው የሚያወራው። ጨርቅ ለእሱ ጨርቅ ነው።

ከቀትር በኋላ፣ ሀዋሳ

ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ። ሐይቁ አካባቢ ሆቴል በሆቴል ላይ ይሠራል። “ፋብሪካው ጋ” ስለው ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ።

“የተዘጋው? እኔም ፈትል ክፍል ነበርኩ” አለ።

የፋብሪካው አጥር ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ከበሩ ፊት ለፊት ከነበሩት ምግብ ቤቶች ክፍት የሆነችው አንዷ ናት፤ እዚያም ዘበኛው ብቻውን ሽሮ ይበላል።

አክስቴ አገላብጣ ሳመችኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኳት፤ አልሰማችኝም። ጮህኩ፤ አሁንም አልሰማችም። የሽመናው ማሽን ጆሮዋን እንደጎዳው አውቃለሁ፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም። ጎረቤቷ ወይዘሮ ዱካሌ ከደጅ ሆነው ያለ ድምፅ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። አክስቴ ወዲያው “አዲስ አበባ? እኔ?” ብላ ሳቀች።

“ያ ሁሉ ማሽን እየጮኸ ማን ማንን ይሰማል? በከንፈር ነበር የምናወራው” አሉኝ ወይዘሮ ዱካሌ። “አሁንም እንዲሁ ነን። ብንጣላ እንኳ ሰው አይሰማንም።”

እሁድ፣ ጠዋት

ሴቶቹ በየደጃቸው ተቀምጠው መንገድ አሻግረው ያወራሉ። ድምፅ የለም፤ ሳቅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከመሃላቸው ደንቆሮው እኔ ነበርኩ። ሁለት ደጆች ግን ተቆልፈዋል። ባለቤቶቻቸው ሥራ ፍለጋ ሄደዋል። ወይዘሮ ዱካሌንም ልጃቸው ወደ ይርጋለም ልውሰድሽ እያላቸው ነው።

“እህትሽ አልጋ አንጥፋልሻለች” አልኳት አክስቴን፣ ፊት ለፊቷ ሆኜ ቀስ ብዬ።

“በምን ልናወራ ነው?”

“ጮክ ብላ ታወራሻለች።”

“ሲጮሁብኝ ልኑር?”



ሰኞ፣ መናኸሪያ

ብቻዬን ተሳፈርኩ። አክስቴና ወይዘሮ ዱካሌ ሊሸኙኝ መጥተው ከመስኮቱ ውጭ ቆመዋል። ሞተሩ ተነስቷል፤ መስታወቱም አልከፈት አለኝ። አክስቴ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ግራ ተጋብቼ ራሴን ነቀነቅኩ። ወይዘሮ ዱካሌን በጨረፍታ አየቻቸውና እንደ አዲስ ሠራተኛ ቆጥራኝ ቃል በቃል፣ ቀስ አድርጋ ደገመችልኝ። ያኔ ገባኝ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እናቴ ከኋላዬ እህቷን ፈለገች።

“የታለች? ምን አለች?”

“አልጋውን አታንሱት አለች” አልኳት።