ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ

ቤታችን ባለቤቴ ይሠራበት ከነበረው መሥሪያ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። ጠዋት ጠዋት፣ የጎንደር ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ሾፌሮቹ መኪኖቹን ሁሉ ያስነሡና ሞተሩን ሳያጠፉ ትተዋቸው በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ይገባሉ። ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ ገመድ ላይ ካሰጣሁት ልብስ ያድራል። የልጆቻችን ዩኒፎርም ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። እኔም እስል ነበር።

ባለቤቴ በሾፌርነት ዳባትና ደባርቅ ሲመላለስ ኖሮ፣ ዕድሜው ሲገፋ የስምሪት ኃላፊ ሆነ። በኃላፊነቱ መጀመሪያ ያዘዘው ነገር «የቆመ መኪና ሞተሩ ይጥፋ» የሚል ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ናፍጣ ስለሚባክን ነው ብሎ አስረዳ። ለእኔ ግን፣ «ሳልሽ ቢሮዬ ድረስ ይሰማኛል» ብሎኛል።

ሾፌሮቹ አልወደዱለትም። አለቃ ከቢሮ ሲወጣ መኪናዋ ጠፍታ ካገኛት እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሞተሯ እየሠራ መጠበቅ፣ ለትልቅ ሰው ብድግ እንደማለት ነው። ባትሪዎቹም አርጅተዋል። ከሁሉ የሚከራከረው አንድ የወገራ ሰው ነበር። ከአጥር ማዶ እሰማቸዋለሁ።

«አያ፣ ባጠፋት አንቱ ሊያስነሡልኝ ነው? ይቺ እንደ ሰነፍ በሬ ናት፤ አንዴ ከተኛች አትነሣም።»

«እኔ እገፋልሃለሁ።»

«በዚህ ከረቫት?»

«ምነው? ከረቫት ያሰረ ሰው አይገፋም?»

በማግስቱ ሾፌሩ እልህ ይዞት አጠፋት። ሊያስነሣት ሲል እምቢ አለች። ባለቤቴ ከረቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ መግፋት ጀመረ። ሻይ የያዙት ሁሉ ወጥተው «በርቱ፣ አያ አጥፋው!» ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ አያ አጥፋው ሆነ። እኔም ከአጥሩ ጀርባ አፌን በነጠላዬ ይዤ ስቄአለሁ። ማታ ጫማውን እያወለቀ፣ «ሳቅሽን ሰምቻለሁ» አለኝ። «ከሳልሽ ይሻላል።»

ብዙ ሳይቆይ መላ አገኘ። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ባትሪያቸው የደከመ መኪኖች፣ አዲስ እስኪገዛላቸው፣ እዚያ ላይ ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው፣ ጎማቸው በድንጋይ ተደግፎ እንዲቆሙ አደረገ። ድንጋዩ ሲነሣ ትንሽ ከተገፉ ሌላውን ቁልቁለቱ ይጨርሰዋል። ሾፌር መኪናዋ እንደምትነሣ ካመነ ለማጥፋት አይፈራም፤ ይህን ከራሱ ያውቀዋል። ለአለቃ ክብርም በሩን ከፍቶ መቆም ይበቃል አላቸው። ጠዋቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ቅዳሴ አልጋዬ ላይ ሆኜ መስማት ጀመርሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት ታሞ አረፈ። ለቅሶ ደራሹ ተመልሶ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ አንድ ሞተር ለረጅም ጊዜ ሲያጉረመርም ሰማሁ። በማግስቱ ሌላ ተጨመረ። ልብሱን ለዘመድ ሰጥቼዋለሁ። ከእጁ ሥራ የቀረልኝ ያ የጠዋት ጸጥታ ብቻ ነበር፤ እሱም ሊወሰድብኝ ነው ብዬ አለቀስሁ። ሄጄ እንዳልናገር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ስለ መንግሥት መኪና ምን አግብቷት ትናገራለች?

ለተዝካሩ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ዳባት ስንሄድ፣ መሥሪያ ቤቱ መኪና ላከልን። የመጣው ያ የወገራው ሰው ነው። ከእህቴና ከጎረቤቶቼ ጋር ዕቃ ስንሸክፍ መኪናዋ ደጃችን ላይ እየሠራች ቆየች። ወጣሁ።

«ምነው አላጠፋሃትም?»

«ለእርስዎ ክብር ነው እንጂ፣ እትዬ። ሐዘንተኛ በጠፋች መኪና ፊት እንዴት ትቁም?»

ሳሌ መጣ። ሲለቀኝ፣ «አጥፋው» አልሁት።

«እምቢ ብትልስ?»

«እገፋልሃለሁ።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቁልፉን አዞረ። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ እህቴ ዕቃ ስታነሣ ይሰማኛል።

ተሳፍረን ልንሄድ ስንል እውነትም አልነሣም አለች። ጥቁር የለበስን ሴቶች ወርደን ከኋላ ተደረደርን። ጎረቤቴ «እንዲህ ያለ ተዝካርም አላየሁ!» ስትል ሁላችንም ሳቅን። ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜም አየሁ፤ መኪናዋ የቆመችው ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎ ነው።

«ላታጠፋት ምነው እንዲህ አቆምሃት?» አልሁት።

ድንጋዩን ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ፣ «ሌላ አቋቋም ጠፋኝ፣ እትዬ» አለ። «አያ የሚያዩኝ ይመስለኛል።»

ጥቂት ገፋናት። ወረደች፣ አንዴ ተንገጫገጨች፣ ተነሣች።

ዳባት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ «አጥፋው» አላልሁትም። ዞሮ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አደረገና አጠፋት። ከዚያ ወርዶ በሩን ከፈተልኝ፤ እስክወርድም ይዞልኝ ቆመ።