ከጄኔቫ እስከ ኡስተር፣ ከራዳር ጠቋሚ ጋር

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት ከሩብ፣ ቶኔ፣ ጄኔቫ ዳር

ከቤቴ ስወጣ ጋሽ ወርቁ መኪናቸውን አስነስተው፣ የፊት መስታወቱን በጨርቅ እየወለወሉ ጠበቁኝ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ለረጅም ዘመን የአንድ ሆቴል እንግዶችን ከአየር ማረፊያ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሩቅ መንገድ ሲሄዱ ግን ዛሬም ክራቫት ያስራሉ።

የምንሄደው ዙሪክ አጠገብ ወዳለችው ኡስተር ነው። ልጃቸው ህሊና የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ህሊና እኔ ጄኔቫ የገባሁ ሰሞን ፈረንሳይኛ ያስጠናችኝ ጓደኛዬ ናት፤ እኔም ኦኔ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር ከምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ነው የተነሳሁት። የኋላው ወንበር በአራስ መጠየቂያ ተሞልቷል፤ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ ንጥር ቅቤ በጠርሙስ። ያሰናዱት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። እሳቸው አልመጡም። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸው በማሽን ይታጠባል፤ ትናንት ተራቸው ስለነበር ደክሟቸዋል።

ከመሪው በስተቀኝ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ነገር ተለጥፋለች።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?»

«መንገድ ታሳያለች» አሉና ስለ አየሩ ያወሩኝ ጀመር።

1 ሰዓት ተኩል፣ ከሎዛን በላይ

የጄኔቫ ሐይቅ በስተቀኝ ነው። የወይን እርከኖቹ ላይ ጭጋግ ተኝቷል፤ ከማዶ የፈረንሳይ ተራሮች ጫፋቸው ብቻ ብርሃን ነክቶታል። ጋሽ ወርቁ መቶ ሃያ በተፈቀደበት መንገድ በመቶ ይነዳሉ። ሌላው መኪና ሁሉ ያልፈናል።

እስካሁን ጥቁሯ ነገር አራት ጊዜ ጮኻለች። አንዴ ነዳጅ ስንቀዳ፣ የሱቁ በር በራሱ ሲከፈትና ሲዘጋ። ሁለት ጊዜ ዘመናዊ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ። አንዴ ደግሞ ምንም በሌለበት ሜዳ። በጮኸች ቁጥር ጋሽ ወርቁ ፍሬን ይይዛሉ፤ ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል።

ይህን ጊዜ ገባኝ። «የፖሊስ ራዳር ጠቋሚ ናት አይደል?»

ሬዲዮ ከፈቱ። ጆሯቸው ግን ቀላ።

ፍጥነት የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢገዛ አይገርመኝም። እኚህ ሰው ግን ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲያዩ እግራቸውን የሚያነሱ ናቸው።

2 ሰዓት አካባቢ፣ ወደ ፍሪቡር

መንገድ እየተሠራ ስለነበር ፍጥነቱ ወደ ሰማንያ ወረደ። እኛ በሰባ አምስት እየሄድን ሳለ አንድ ነጭ መኪና በግራ በኩል ሽው ብሎ አለፈን። ወዲያው ከመንገዱ ዳር፣ ከግራጫ ሣጥን ውስጥ፣ ቀይ ብርሃን ብልጭ አለ። ፎቶ የተነሳው ነጩ መኪና ነው።

ጠቋሚዋ ትንፍሽ አላለችም።

ጋሽ ወርቁ አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ ጥቁሯን ነገር አዩ። ቀጥሎ ባገኙት የእረፍት ቦታ ገብተው መኪናውን አቆሙ።

2 ሰዓት ከሩብ፣ የእረፍት ቦታው

እጅግ ውድ የሆነ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘን ሌላ ሐይቅ ወደሚያሳየው አግዳሚ ሄድን። ጋሽ ወርቁ መናገር የጀመሩት ቡናው ከበረደ በኋላ ነው።

«አምና አስካለን ለእጥበት ሳደርስ ረፍዶብኝ ነበር። ሃምሳ በሚለው መንገድ ከሰባ በላይ ሄድኩ። ፔርሚዬን፣ መንጃ ፈቃዴን፣ ለአንድ ወር ወሰዱት። ያን ወር ሙሉ እሷን የጎረቤት ሰው አመላለሳት። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ መኪናው እስኪሰወር አያለሁ። አርባ ዓመት የነዳሁ ሰው። ለህሊና እንኳ አልነገርኳትም። ሁለተኛ ቢወስዱት ለወራት ነው ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ስይዝ እጄን ያልበኛል። የእህቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ይቺን አምጣልኝ አልኩት።»

ስልኬን አውጥቼ ሕጉን ፈለግሁና አነበብኩላቸው። እዚህ አገር መሣሪያውን መጠቀም ቀርቶ መኪና ውስጥ መያዝም ክልክል ነው። ይወረሳል፣ ይወድማል፣ ቅጣትም አለው። እያነበብኩ የራሴም ድምፅ ቀነሰ፤ ስለ ራዳር የሚያስጠነቅቀው የስልኬ ካርታም በዚያው ሕግ የተከለከለ ነው። የኦኔው ራዳር ዛሬ የት እንደቆመ የምንነጋገርበት የሐበሾች ግሩፕም ቢሆን ከሕጉ አያመልጥም። ካርታውን እዚያው አጠፋሁት።

«ቆሻሻ ውስጥ እንጣላት» አልኳቸው።

ተስማሙ። ወደ መኪናው ስንመለስ ግን ከመውጫው ላይ ሁለት ፖሊሶች መኪና እያስቆሙ ወረቀት ያያሉ። ጋሽ ወርቁ መሣሪያዋን ነቅለው ወንበራቸው ሥር ከተቱ። ፖሊሶቹ እያዩን ስለነበር መጣል አልተቻለም፤ መዞሪያም ስለሌለ ወደ መውጫው ነዱ።

አንዲት ወጣት ፖሊስ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች። ፔርሚውንና የመኪናውን ወረቀት አየች፣ መለሰች፣ መልካም መንገድ ተመኘች። እኔ ተነፈስኩ።

ጋሽ ወርቁ ግን ሞተሩን አላስነሱም።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር አለ» አሉ በዚያ በሆቴል ሹፌር ፈረንሳይኛቸው፤ ከወንበር ሥር አውጥተውም ሰጧት።

ፖሊሷ መሣሪያዋን አገላብጣ አየቻት። «ለምን ያዙት?»

«ፈርቼ።»

ስለ እትዬ አስካለም፣ ስለዚያች ወርም ነገሯት። አላቋረጠቻቸውም። ከዚያ ስማቸውን መዘገበች። ጥፋቱ እንደሚጻፍ፣ ቅጣቱ በደብዳቤ እንደሚመጣ አስረዳች። በዚህ ምክንያት ፔርሚያቸው ይወሰዳል ብላ እንደማታስብ፣ ውሳኔው ግን የእሷ እንዳልሆነ ጨመረች።

«ደግሞም» አለች መሣሪያዋን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እየከተተች፣ «ዛሬ አብዛኛው የእኛ መለኪያ በሌዘር ነው። ይቺ አትሰማውም።»

«አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

 ከበርን ከተማ በኋላ በመቶ አሥር ሲነዱ አየሁ። የእጃቸውን ላብ ሱሪያቸው ላይ መጥረግ አቁመዋል።

5 ሰዓት፣ ኡስተር

የህሊና ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ጫማና የሕፃን ጋሪ ሞልቶታል። ባሏ ዕቃውን ሊያወጣ ወረደ። እሷ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ፊቷ ትንሽ አብጦ፣ ደስ ብሏት ተቀበለችን። ልጁ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል።

«አባዬ፣ መንገድ እንዴት ነበር?»

«ሰላም ነበር» የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ሳቡና ነገሯት። ፖሊሷን፣ ጥቁሯን መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው ያችን ወር፣ በረንዳውን ሳይቀር። እየተናገሩ ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ነው።

ህሊና የልጁን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«ያን ጊዜ ስደውል 'እናትሽ ተኝታለች' እያልክ ስልኩን የምትዘጋው ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ መጥቼ ልነዳላችሁ እችል ነበር እኮ አባዬ። በባቡር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።»

  ህሊና ቀስ ብላ ተነሳችና ልጁን ክንዳቸው ላይ አስተኛችላቸው፤ ጭንቅላቱን እንዴት እንደሚደግፉ እጃቸውን ይዛ አሳየቻቸው።

«አሁን እሱን ይዘህ ንገረኝ። ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

ጋሽ ወርቁ ልጁን አዩት። አፉን ከፍቶ ያዛጋል። ክራቫታቸው ግንባሩን እንዳይነካው በአንድ ጣታቸው ወደ ጎን ገፉት።

«አለ» አሉ።

ቀሪው የአባትና የልጅ ወሬ ነው ብዬ፣ እኔ ካፖርቴን መልሼ ለበስኩና በሩን ቀስ ብዬ ከኋላዬ ዘጋሁት።