መብራት ሲጠፋ የሚመጣ ሙዚቃ

ልጅ እያለሁ መብራት እንዲጠፋ ዱዓ አደርግ ነበር። በዚያ በካርቱም ቀትር፣ ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቆ መብራት የሚያጠፉትን ሲራገም፣ እኔ ጣራ ጣራውን እያየሁ «ያ ረብ፣ አሁን አጥፋው» እል ነበር። ይህን ዛሬ አብረውኝ ላደጉ የካርቱም ልጆች ብናገር የሚጣሉኝ አይጠፉም። ግን ምክንያት ነበረኝ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደግሞ ርሓብ ጊታሯን ታነሳለች።

የምንኖረው ሪያድ በሚባለው የካርቱም የሀብታም ሰፈር ነው። ሪያድ ስላችሁ የሀብታም ልጅ አድርጋችሁ እንዳታስቡኝ፤ ቤቱ የእማ አሠሪ የሐጃ ነበር፣ እኛ ደግሞ ከጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል፣ እኔና እናቴ ዘሃራ። እማ ከወሎ ይዛኝ የመጣችው ጡት ሳልጥል ነው። ሐጃ ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጅ ያላትን ሠራተኛ ከነልጇ የሚያሳድር ቤት በዚያ ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው፤ እሷ ግን ተቀበለችን። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዶሻ ማ ዳይራ።» ጫጫታ አልፈልግም ማለቷ ነው።

እማ ይህችን ቃል ይዛ እኔን ቀረጸችባት። ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ሳስነጥስ ትራስ ፍለጋ እሮጣለሁ። ግቢው ጠጠር ስለነበረ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የማቋርጠው። ድምፄ ከተሰማ ጀብራ ወደሚባለው ሰፈር፣ የእማ ዘመድ ቤት እንደምላክና ከእሷ ጋር በጁምዓ በጁምዓ ብቻ እንደምንገናኝ በደንብ አውቃለሁ። ሌሎች ልጆች ጅን ይፈሩ ነበር፤ እኔ የምፈራው ጀብራን ነው።

ዝም የሚል ልጅ እንግዲህ ሁለመናው ጆሮ ይሆናል። እማ ስትሠራ እኔ ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ ቤቱን አዳምጣለሁ። በውሃ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ እርጥብ ገለባ የሚሸት ነፋስ እየላከ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። ፍሪጁ ድንገት ተነስቶ ይነጫነጭና ደግሞ ይተወዋል። ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ ከሩቅ ይመጣል፣ በአጥሩ ሥር ያልፋል፣ ይቀጥናል፣ ይጠፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዜማ ነበረ፤ እንቅልፍ ካልወሰደኝ አገኘው ነበር። ስንቱን ነቅቼ፣ ስንቱን ተኝቼ እንደሰማሁት እስከ ዛሬ አልለየውም።

የሐጃ ልጅ ርሓብ ማሌዥያ ተምራ የተመለሰችው በዚያን ጊዜ ነው። ሽቶና ልብስ ለጠበቀው ዘመድ ከሻንጣዋ ያወጣችው ጊታር፣ ድምፅ ማጉያና በእግር የሚረገጡ ትናንሽ የብረት ሳጥኖች ናቸው። ሐጃ አየቻቸውና ለገዛ ልጇም ያንኑ ቃል ደገመችላት። ስለዚህ ርሓብ የምትጫወተው ጄኔሬተሩ እየጮኸ ሌላው ሁሉ በማይሰማበት ሰዓት ብቻ ሆነ። እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ መጥቼ ጆሮዬን በሯ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን በሩ ሲከፈት ከነጆሮዬ ወደ ውስጥ ወደቅሁ። ትቆጣለች ስል «ያላ፣ ግቢ» አለችኝ።

ጊታር መሆኑን መጀመሪያ አላመንኩም። አንዲት ክር ትነካለች፤ አንዱን ሳጥን ትረግጣለች፤ ያቺ ድምፅ ክፍሉን ትዞርና ሰፍታ ትመለሳለች፤ ሌላዋ ትከተላታለች፤ ከየት እንደጀመሩ ይጠፋብኛል። ደግሞ ሌላውን ሳጥን ስትረግጥ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያጓራል። ጊታሩን ወደ ማጉያው ስታስጠጋው ማንም ሳይነካው በራሱ ያፏጫል። ወለሉ ላይ ስጋደም ከጀርባዬ ገብቶ በደረቴ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አላስደነገጠኝም። የማቀዝቀዣዬ ዘመድ ነበር፤ ውጭ አገር ሄዶ ተምሮ የመጣ ዘመድ።

ከፊሉ ሳይኬደሊክ ሮክ ይባላል፣ ከፊሉ ደግሞ ኖይዝ ነው አለችኝ። ኖይዝ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች፤ «ያዕኒ ዶሻ» አለች፣ ያው ዶሻ ማለት ነው ስትል። እስከዚያ ቀን ዶሻ ማለት ለእኔ ከእናት የሚለይ ነገር ነበር። ለካስ ባሕር ማዶ ሰዎች ዶሻን ሥራዬ ብለው ይሠሩታል፣ ሌሎች ደግሞ ተሰብስበው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል! ርሓብ ማይኩን ሰጠችኝና ስምሽን በይ አለችኝ። «ሀያት» አልኩ፣ እንደ ልማዴ በሹክሹክታ። ክፍሉ በሙሉ ሀያት፣ ሀያት፣ ሀያት አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዱዓው የበረታው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነስቶ ሰማዩ ብርቱካን መሰለ። የአቧራው ሽታ ሁሉንም ክፍል ገባ፤ መብራትም ሄደ። ሐጃ ለቅሶ ሄዳለች። ርሓብ እንደዚያ ቀን ስትጫወት አይቻት አላውቅም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኖ፣ ጊታሩ ላይ አጎንብሳ ራሷን ወዲያና ወዲህ ትወዘውዛለች፤ ማጉያው ያጓራል። እማ እኔን ፍለጋ በሩን የከፈተችው ይሄኔ ነው።

ወሎ ያደገች ሴት ያንን ስታይ ሌላ ምን ታስብ? «ቢስሚላህ!» ብላ ተመልሳ ሮጠች፤ ያለቻትን አንዲት ብልቃጥ ሽቶ ይዛ መጣች። ርሓብ ላይ እየረጨች ተንበረከከችና «ጌታዬ፣ ማን ልበልህ? ምን ጎደለብህ? ንገረንና እንሰጥሃለን፣ ብቻ ልጅቱን አታድክምብን» አለች። በአማርኛ! የሱዳን ዛር አማርኛ ይስማ አይስማ የምታጣራበት ጊዜ አልነበራትም።

ርሓብ ፀጉሯን ገልጣ ምን እያለች ነው አለችኝ። ዛር የያዘሽ መስሏት ነው አልኳት፤ ዛር የሚለውን መተርጎም አላስፈለገኝም፣ በእነሱም ዛር ነው። ሳቋ ሲያቆም ዓይኗ እርጥብ ነበር። ሐቦባዋ፣ ማለት አያቷ፣ ባለ ዛር እንደነበሩና ከበሮ ይመታላቸው እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ለእማ ማይኩን ዘረጋችላት። እማ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ሐጃ ድንገት መጥታ ትሰማለች አለች። ርሓብም ጄኔሬተሩ እያለ ማን ይሰማል አለቻት።

እማ የዛር ዘፈን አልዘፈነችም። አባቷ ይሉት የነበረውን መንዙማ ነው ያወጣችው፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥላ በጉሮሮዋ። ርሓብ ከሥሩ አንዲት ክር እያስጮኸች ያዘችላት። የእናቴን ሙሉ ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔን ዝም ስታሰኝ የኖረችው ሴት ይህን ሁሉ በደረቷ ይዛ ነበር። አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም።

መብራቱ ተመለሰ። ዘበኛው መስመሩን ወደ መብራቱ ለማዞር ጄኔሬተሩን አጠፋ፤ ማጉያውም በዚያው ቅጽበት ጸጥ አለ። እማ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አላወቀችም። በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ የቀረው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር። ስትጨርስ ሐጃ በሩ ላይ ቆማለች፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ።

አልጮኸችም። የተስማማነው ምን ነበር ብላ ጠየቀቻት ብቻ። ከነገ ጀምሮ ሀያት ጀብራ ትሂድ፣ አንቺ ቆዪ አለች። ርሓብ ለመነች፤ ሐጃ አልሰማቻትም። እኔ የእማን «ሓድር» እየጠበቅሁ ነበር፤ ለሐጃ ሁልጊዜ የምትመልሰው ይህንን ነው፣ እሺ እመቤቴ ማለት ነው። እማ ግን ቀና ብላ «አና ወ ቢቲ ሳዋ» አለች። እኔና ልጄ አንድ ላይ። ድምጿ ገና ከመንዙማው አልወረደም ነበር።

በነጋታው አንድ ላይ ጀብራ ወረድን። ስፈራው የኖርኩት ጀብራ ሴቶች እየተሟገቱ የሚስቁበት፣ ሕፃናት እንደ ልባቸው የሚያለቅሱበት አንድ ጠባብ ክፍል ሆኖ አገኘሁት። ተቸግረናል፣ አልዋሽም። እማ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ በየሰው ቤት ስትሠራ ውላ ወገቧን ይዛ ትመለስ ነበር። ግን ትመለስ ነበር።

ዛሬ የምንኖረው ደሴ ነው። ካርቱም ከእኛ በኋላ ማንም ሙዚቃ ሊለው የማይችል ድምፅ ወረደባት። ርሓብ የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ባለችበት ደህና ትሁን። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ የራሴን ጫጫታ እሠራለሁ፤ ከሰዓት ሙሉ ሳስጮኸው ውጡ የሚለኝ የለም። እማ ልብስ ስታጥፍ መንዙማዋን ታወጣለች። ቤቱ የራሳችን ነው፣ ጎረቤቶቻችንም የእሷን ድምፅ ይወዱታል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ከመጀመሯ በፊት ተነስታ መስኮቱን ትዘጋለች። ማን እንዳይሰማሽ ነው እማ ስላት፣ እሷም አታውቀውም። እስክትጀምር እጠብቅና፣ ዓይኗን ስትጨፍን ቀስ ብዬ ሄጄ እከፍተዋለሁ።